ግራ የለመደ አንገት

ሰው መቼም ያለ አመል አይፈጠርም። አንዱ ሲተኛ ያንኮራፋል፣ አንዱ ሲያወራ የሰው ኮት ቁልፍ ይዞ ያሽከረክራል፣ ሌላው ሰው ቤት ገብቶ የድስት ክዳን ያነሣል። የዚህ የአውቶቡስ ሾፌር አመል ግን አንገቱ ላይ ነበር። የጎልፍ ዱላውን ጨብጦ፣ እግሩን አደላድሎ፣ ኳሷን ትክ ብሎ አይቶ፣ ልክ ክንዱ ሊወርድ ሲል አንገቱ ቀድሞ ወደ ግራ ዞር ይላል። ዱላው ሳይደርስ ዓይኑ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለመናገር ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ዱላው የኳሷን አናት ላጥ አድርጎ ያልፋል፤ ኳሷም ጥቂት ተንከባልላ ሣሩ ውስጥ ትቀመጣለች።

"ዛሬም ያው ነው?" ይላል ከኋላው ተራ የሚጠብቀው መካኒክ።

"ያው ነው።"

"ጉልበትህን እጠፈው እኮ አልኩህ።"

ጉልበቱን አጠፈ። አልሆነም። ትኬት ቆራጩ "አጨባበጥህ ነው" አለው፤ አጨባበጡን ለወጠ። የጥበቃው ሰውዬ ደግሞ፣ ዱላ ነክቶ የማያውቀው፣ "ትንፋሽህን ያዝ" አለው። ትንፋሹን ይዞ መታና ሳል ይዞት ተመለሰ። ምክር እንደሆነ ነፃ ነው፣ ማንም አይሰስትም።

ሾፌርን ከጎልፍ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘው አጥር ነው። የከተማው አውቶቡሶች የሚያድሩበትን ግቢና የማዘጋጃ ቤቱን የጎልፍ ሜዳ የሚለያቸው አንድ የሽቦ አጥር ብቻ ነው። ድሮ ኳስ አጥሩን እየዘለለች የአውቶቡስ መስታወት ትሰብር ነበር። ጭቅጭቁ ሲበዛ የሜዳው ኃላፊ፣ ነገር የሚገባው ሰው ነበርና፣ "ከምንጣላ ገብታችሁ ተጫወቱ" አለ። ከዚያ ወዲህ የግቢው ሠራተኛ ከነባለቤቱ ከነጎረቤቱ፣ ሜዳው ጭር ሲል እየገባ፣ አሮጌ ዱላ እየተዋሰ ይመታል። አንዳንዱ ሳምንት ሞክሮ ተወው። አንዳንዱ ደግሞ ተለከፈ። ሾፌራችን ከተለከፉት ነው።

በግቢው "ጋሼ ጥንቁቁ" ነበር የሚሉት። ስም ሲወጣለት አልተሳሳቱም። አውቶቡሱን ጭሮ አያውቅም፤ ተጭሮበትም አያውቅም። ሌሎቹ ሾፌሮች ሲያሾፉበት "ጋሼ ጥንቁቁ ሚስቱን እንኳ ፍሬቻ ሳያበራ አያልፋትም" ይላሉ። እሱም ይስቃል። በመኪና የተባለ ነገር አይከፋውም፤ የሚከፋው በጎልፍ ሲነኩት ነው።

ወደ ሚስቱ እንምጣ፤ ጣጣው ያለው እዚያ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ለአውቶቡሶቹ የወንበር ልብስ ልትሰፋ ግቢው በመጣች በአንዱ ቀን፣ ሻይ እስኪፈላ ብላ ዱላውን ከእጁ ወሰደችና "እስቲ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስለፋችሁ?" ብላ መታች። ኳሷ ተነሥታ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ባንዲራው ሥር ወደቀች። "በአጋጣሚ ነው" አለ መካኒኩ። ደገመችው። ከዚያ በኋላ አጋጣሚ ያለ ሰው የለም። ዓመት ሙሉ መርፌ የሚወርድበትን ቦታ ሲያይ የኖረ ዓይን፣ ኳስ እስክትመታ ዝም ብሎ መቆየት አያቅተውም።

በሜዳው በየዓመቱ አንድ እሑድ የጥንድ ውድድር አለ። ሁለት ሰው አንድ ኳስ ነው የሚመታው፣ በፈረቃ፤ አንዷ መትታ ያሳረፈችበት ቦታ ሄዶ ሌላው ይመታል። ባልና ሚስቱ ገና ከመጀመሪያው አብረው ገቡ። እሷ ባንዲራ ሥር ታደርሳለች፣ እሱ ጭቃ ውስጥ ይከታል። እሷ ከጭቃ ታወጣለች፣ እሱ ዛፍ ሥር ይወስዳል። ዋንጫውን ሌላ ሰው ይዞት ሲሄድ እያዩ ያጨበጭባሉ፣ ቤት እስኪደርሱም እሷ አንዲት ቃል አትናገርም። ዝምታዋ ከስድብ ይብስበት ነበር።

በዚህኛው ዓመት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ "መገጣጠሚያው አልቋል፤ መቀስና መርፌ ለዘመናት ሠርቶበታል" አላት። "ዱላውን ከተውሽ በስፌቱ ትቆያለሽ። ሁለቱንም ካልሽ ሁለቱንም ታጫለሽ።"

"የዘንድሮን እሑድ ብቻ ልጫወት?" አለች።

ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። "የዘንድሮን ብቻ።"

ያን ቀን ቤት ስትገባ ባሏን ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጠችው። "ስማኝ" አለችው፣ "ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው። ያንን ዋንጫ ሳልነካው መቅረት አልፈልግም፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ እፈልገዋለሁ። ባለ መድኃኒት ቤቱ አብረን እንግባ ብሎኛል። እሱ እንደሆነ ቀጥ አድርጎ ነው የሚመታው።"

ባለ መድኃኒት ቤቱ ሰፈራቸው ውስጥ ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልብሱ የማይጨማደድ ሰው ነው። ሾፌሩ ሆዱ ባሰው። ሰውዬውን ጠልቶት አይደለም፤ የሚጠላ ሰው አይደለም፣ ይህ ራሱ ያናድዳል።

"እሺ አልሽው?"

"አንገትህን ካስተካከልክ ከአንተ ጋር ነኝ። ካላስተካከልክ ከእሱ ጋር ነኝ። ምርጫው ያንተ ነው።"

"ቢቻለኝ እስከዛሬ አላስተካክለውም ነበር?"

"እሱን አላውቅም" አለችና ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።

እነሆ የሰውየው መከራ ተጀመረ። ከሥራ በፊት ይመታል፣ ከሥራ በኋላ ይመታል። አትዙር ይላል ለራሱ፤ ይዞራል። ጥርሱን ይነክሳል፤ ይዞራል። አንድ ቀን ተናድዶ ዱላውን ወርውሮ አጥሩ ላይ ሰቀለውና ለማውረድ መሰላል ተዋሰ። አመል ያወጣል ከመሀል ማለት ይሄ ነው፤ በገዛ አንገቱ ከሚስቱ ጎን ሊወጣ ነው።

መፍትሔውን ያገኘችው እሷው ናት፣ ያውም ከሜዳው ርቃ። አንድ ጧት ክር ልትገዛ ስትሄድ የባሏ አውቶቡስ ደረሰላትና ገብታ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ተቀመጠች። ሥራ ላይ ልብ ብላ አይታው አታውቅም ነበር። በር ተዘጋ፣ እጁ ማርሽ ላይ አረፈ፣ መሪውን ሊያዞር ክንዱ ሲንቀሳቀስ አንገቱ ቀድሞ ወደ ግራ ስፖኪዮው ዞር አለ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይም እንዲሁ። ከዚያ ቀጥሎ ባለውም እንዲሁ። ያችው ራሷ፣ የሜዳዋ አዟዟር!

"አንተ ሰውዬ!" ብላ ጮኸች። "አገኘሁት!"

"ቦርሳዋን ነው?" አሉ አንዲት ተሳፋሪ። "ተመስገን፣ ዘንድሮ ሌባው በዝቷል።"

ድሮ መንዳት ያስተማሩት ሽማግሌ እርሳስ ይዘው ነበር አጠገቡ የሚቀመጡት። ከቆመበት ሲነሣ ግራ ስፖኪዮውን ካላየ ጆሮውን በእርሳሱ ቸብ ያደርጉታል። ቃል አይናገሩም፣ ቸብ ነው። ክንዱ ሊንቀሳቀስ ሲል አንገቱ እንዲቀድም አድርገው ሠሩት፤ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ በየፌርማታው አጠነከረው። ታዲያ አንገቱ መሪና ዱላ ምን ለይቶ ያውቃል? ክንድ ሊንቀሳቀስ ነው፣ በቃ፣ ግራ ይታያል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በሽታው ከታወቀ መድኃኒቱ ለልብስ ሰፊ አይቸግርም። ከቆቡ ጥላ ጫፍ ክር አሰረችና በሸሚዙ ቀኝ ኪስ ቁልፍ ላይ ቋጠረችው። አንገቱ ካልዞረ ክሩ ላላ ብሎ ይቀመጣል። ከዞረ ይወጠርና ቁልፉን ነቅሎ ያበርረዋል። የመጀመሪያው ቀን ቁልፉ ተነቅሎ ጎረቤት ግቢ ገባ። እሷ ሰፋችው። ደገመ። ሰፋችው። ለሦስተኛው "ይሄን ሸሚዝ ተው፣ የድሮውን ልበስ" አለችው። ጓሮው ውስጥ የላስቲክ ኳስ እየመታ፣ እሷ ደረጃው ላይ መርፌ ይዛ ተቀምጣ፣ ማታ ማታ እንዲህ ሆኑ። ሠፈሩ ጉድ አለ። "ሰውዬው ቁልፍ አይበረክትለትም እንጂ ምን ሆኖ ነው?" ይባል ጀመር።

ቆየት ብሎ ቁልፉ መነቀሉን ቀነሰ። ያኔ ሁለተኛ ዘዴ አመጣች። ሊመታ ሲል በግራው በኩል የድስት ክዳን ጣል ታደርጋለች፣ ሲሚንቶው ላይ ክው! መጀመሪያ ላይ አንገቱ ቀርቶ ነፍሱም ዘለለች። "ምን አለ ብታስጠነቅቂኝ!" "ካስጠነቀቅኩህ ምኑን ተማርከው?" ከዚያ ክዳኑንም ለመደው። ክዳን ቢወድቅ፣ ውሻ ቢጮህ፣ በስሙ ቢጠሩት ወደ ግራ አይዞርም። እንዲያውም አንድ ቀን ጎረቤትየው በግራ በኩል መጥተው "እንዴት ዋልክ ጋሼ?" ቢሉት ዝም አላቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ፤ "ኳስ መምታት ጀመርኩ ብሎ ኮራብን" አሉ። ባልና ሚስቱ ይህን ሰምተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ቀጥሎ ሜዳ ወጡ፣ ያለ ክር። ዱላውን አነሣ፣ አወረደ። እንዴት እንደሆነ አላየም፤ ዓይኑ ኳሷ የነበረችበት ባዶ ሣር ላይ ነበር። የሰማው ድምፅ ብቻ ነው፣ ከዚህ በፊት ከገዛ ዱላው ሰምቶት የማያውቀው ጥርት ያለ ድምፅ።

"ሄደች!" አለች ሚስቱ። "ኧረ ሄደች! ቀና በልና እያት እንጂ!"

ቀና ሲል ኳሷ ገና ሰማይ ላይ ነበረች። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። መካኒኩ ቆቡን አወለቀለት። ሚስቱ መጥታ ክንዱን ያዘችው፣ ሰው ፊት የማታደርገውን፣ በዚያው ቀንም መድኃኒት ቤት ገብታ "አመሰግናለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ነኝ" ብላ መለሰች። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ከኳሷ በላይ ደስ አለው።

ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው ነገሩ የተበላሸው።

ጧት ነው። ዳቦ ቤቱ ፊት ያለው ፌርማታ ላይ ቆሟል። ሰው ገባ፣ በር ተዘጋ፣ ማርሽ አስገባ፣ መሪውን ወደ ግራ አዞረና ወጣ። ያኔ የአውቶቡሱን ጎን አንድ እጅ በመዳፉ ደበደበው፣ ጓ ጓ ጓ! ፍሬኑን ረገጠ። የቆመው ተሳፋሪ አንዱ በአንዱ ላይ ተደፋ። አንዲት ብስክሌተኛ በአውቶቡሱና በሚያልፍ የጭነት መኪና መካከል ተጣብቃ ቆማለች። የብስክሌቷ የፊት ጎማ ከአውቶቡሱ ጎማ ጋር ሊነካካ የቀረው ስንዝር አይሞላም። የጭነት መኪናው ክላክሱን እያጮኸ አልፎ ሄደ።

ሴትዮዋ ብስክሌቷን እየገፋች በመስኮቱ በኩል መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ትሳደባለች ብሎ ጠበቀ፤ ቢሰደብ በወደደ።

"አላዩኝም እንዴ?" አለችው።

ፀሐይ ነው ማለት ይቻል ነበር። የጭነት መኪናው ነው ማለትም ይቻል ነበር። ሾፌር ለዚህ የሚሆን ምክንያት አያጣም።

"አላየሁሽም፣ ልጄ።"

"ስፖኪዮ አለዎት እኮ።"

"አልዞርኩም" አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

ሴትዮዋ ክርክር ነበር የጠበቀችው። "ልጆች አሉኝ እኮ" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ ብስክሌቷንም ሳትወጣበት እየገፋች ሄደች።

ከኋላ አንዱ "አይዞህ ጋሼ፣ ተርፋለች፣ ንዳው" አለ። የዚያን ቀን መንገዱን እንዴት እንደጨረሰ አያውቅም። እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ አንገቱን በግድ፣ እንደ ዛገ በር፣ ወደ ግራ ያዞረዋል። ድሮ ሳያስበው የሚሆነው ነገር አሁን ካላሰበው አይሆንም። ሰው ደግሞ ቀን ሙሉ ሊያስብ አይችልም፤ ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ሐሳብ ይወስደዋል። ያኔስ?

ቤት ሲገባ ሚስቱ ጨርቅ ዘርግታ እየቀደደች ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ ነገራት። ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት።

መቀሱን አስቀመጠች። "ተጎዳች?"

"አልተጎዳችም።"

"ተመስገን" አለች። ቀጥላም "አንድ ቀን ነው፤ ደክሞህ ነው" አለች።

"ደክሞኝ አይደለም። አንገቴ አልዞረም። ያን ሁሉ ቁልፍ የነቀልነው እንዳይዞር አይደለም?"

"እዚያ ስትሆን ዙር፣ እዚህ ስትሆን አትዙር! ይሄ ምኑ ይከብዳል? ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ?" ተቆጣች። ቁጣዋ እውነተኛ ነበር፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "አሁን? እጄ ሊያልቅ፣ ውድድሩ ሊደርስ፣ አሁን?"

"ልሞክር" አላት።

ሞከረ እንጂ። አውቶቡሱ ውስጥ "ግራ!" እያለ በአፉ ያዝዛል። ተሳፋሪው "ጋሼ ለማን ነው የሚያወራው?" እያለ ይስቃል። "ግራ!" ይላል፣ ይዞራል፣ ይነሣል። ቀስ በቀስ አንገቱ ነገሩ ትዝ አለው፤ አፉ ሳያዝ መዞር ጀመረ። ማታ ሜዳ ይወጣል፣ ዱላውን ያነሣል፣ ክንዱ ይወርዳል፣ አንገቱ ዞር! ኳሷ ሣር ውስጥ ተንከባልላ ትቀመጣለች። ክሩን መልሰው አሰሩት፤ ቁልፉ በረረ። ቁልፉን ደጋግመው ሰፍተው አንገቱ ዝም ሲል፣ በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ በድን ሆኖ ይውላል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሁለት ወዶ አይሆንም።

መጨረሻ ላይ ክሩን ራሱ በጥሶ ኪሱ ከተተው። ለሚስቱ ሳይነግር ሄዶ መድኃኒት ቤት ገባ። ሰው እስኪወጣ አንዲት የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ እያገላበጠ ጠበቀ። ባለ መድኃኒት ቤቱ "ምን ልታዘዝ?" አለው።

"አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው" አለ ሾፌሩ። ይህን ሰው ከመለመን ዋንጫ ሳይነኩ መሞት ይሻል ነበር፤ ግን ዋንጫው የሱ አልነበረም። "እሑድ ከባለቤቴ ጋር ይግቡላት።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ተረኛ ነኝ።"

ተረኛ እንዳልነበር ሰውዬው ሳያውቅ አይቀርም። ሆኖም አልጠየቀውም። "እሷ ፈቅዳ ነው?"

"ትፈቅዳለች። ትቆጣለች፣ ከዚያ ትፈቅዳለች።"

ቤት ሄዶ ሲነግራት እንዳለውም ተቆጣች። "ማን ላከህ? እኔ ለምንልኝ አልኩህ?" ወጥ ቤት ገብታ ሳህን እያንኳኳች ቆየች። ስትወጣ ፎጣ ይዛ በሩን ተደገፈች። "ያቺ ሴትዮ" አለች፣ "ስንት ልጅ አላት?"

"አልጠየቅኳትም።"

"እንግዲያው ነገ ከሥራ በፊት ሜዳ እንዳትሄድ። ተኛ። በደንብ ተኝተህ ንዳ" አለችው። ስለ ጎልፍ ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም።

ስምሪት ክፍል ሄዶ የእሑዱን ተራ ለመነ። እሑድ ሥራ የሚለምን ሾፌር አይተው አያውቁምና ኃላፊው "ከሚስትህ ተጣልተሃል?" አለው። "አልተጣላሁም፣ ስጠኝ ብቻ።" የእሑዱ መስመር በጎልፍ ሜዳው ጎን ያልፋል። ሲሄድም ሲመለስም፣ ከዛፎቹ መካከል ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይታያሉ። ማየት ፈለገ። ሣር ላይ የቆመች አንዲት ሴት እሷ ትሁን ሌላ ትሁን ለማወቅ ጓጓ። ግን መንገዱ እሑድም መንገድ ነው፤ ብስክሌት አለ፣ እግረኛ አለ። ፊቱን አቅንቶ ነዳ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳው በር ላይ ባለው ፌርማታ፣ በፊተኛው በር ገባች። ዱላዎቹን በጀርባዋ፣ በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር በግራ እጇ ይዛለች። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አስጠግታዋለች። ከወንበሩ ኋላ ተቀመጠች።

"እህስ?" አለ።

"አሸነፍን።"

ደስ አለው። ከደስታው ጋር ደግሞ ቅናት ቢጤ ነካው። ሁለቱም እውነት ነበሩ። "እንኳን ደስ ያለሽ" አለ። "ከኔ ጋር ቢሆን ኖሮ…"

"እንሸነፍ ነበር" አለች ሳታስጨርሰው።

ሁለቱም ሳቁ። ዳር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪም ነገሩን ሳያውቁ ሳቁ።

"ሰውዬው ግን" አለች፣ "ሲያገኝም ዝም፣ ሲስትም ዝም። እንዲያው የምቆጣው ሰው አጥቼ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ እኔ ነበርኩ የመታኋት። ገባች። አጨበጨቡ። እሱም እጄን ጨበጠኝ፣ የታመመውን። እኔ ደግሞ ማነው የሚያየኝ ብዬ ዞር ብል…" እዚያ ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ።

ፊቷን ማየት ነበረበት። በስንት ዘመን ትዳር፣ ፊቷን ማየት የነበረበት ሰዓት ቢኖር ያ ነው። ግን በር ተዘግቷል፣ ማርሽ ገብቷል፣ ክንዱም መሪው ላይ ነው። አንገቱ ወደ ግራ ዞረ። በስፖኪዮው አንድ ሞተር ብስክሌት እየበረረ መጣና አለፈ። ከዚያ ሌላ። መንገዱ ባዶ ሲሆን ወጣ፣ እስከሚቀጥለው ፌርማታም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ ከኋላው ምንም ድምፅ ሳይሰማ ነዳ።

ቆመ። በሩን ከፈተ። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ሙሉ ለሙሉ ዞሮ አያት። ዋንጫው ጭኗ ላይ ነው፣ ሻርፑ ወርዷል፣ ያበጠውን እጇን በሌላው እጇ ይዛ ታለቅሳለች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ፊቷን ሳትሸፍን። ከመቀመጫው ሊነሣ ሲል በእንባዋ መሀል ተቆጣችው።

"ምን ታያለህ? ሰው እየጠበቀ ነው፣ ንዳ።"

"አየሁሽ" አላት።

በሩን ዘጋ፣ ወደ ግራ ዞሮ አየና ተነሣ።